ገጣሚና ገጣጣሚ

በአማርኛችን «ገጠመ» የሚለው ግስ ሁለት ቤት ያስተዳድራል። ቃልን ከቃል አዋድዶ ቤት የሚመታውን ሰው ገጣሚ እንለዋለን፤ ብረትን ከብረት፣ ብሎንን ከዳዶ የሚያገናኘውን ደግሞ ገጣጣሚ። በሁለቱ ስሞች መካከል ያለችው ልዩነት አንዲት «ጣ» ብቻ ናት። አማርኛ ድርጊት ሲደጋገም ከግሱ ፊደላት አንዱን ደግሞ መጥራት ልማዱ ነው፤ የሰበረ አንድ ጊዜ ሰብሮ ያበቃል፣ የሰባበረ ግን እጁን አላሳረፈም። እንዲሁም ገጣሚ አንዱን ግጥም ገጥሞ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል፤ ገጣጣሚ ግን የገጠመውን እንደገና ይገጥማል፣ ነገም እንደገና፣ ከነገ ወዲያም እንደገና። ቋንቋችን ፋብሪካ ሳያይ የፋብሪካን ሥራ ጠባይ በአንዲት ፊደል አስቀምጦት ኖሯል።

ይህን ነገር ያስተዋልኩት መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአክስቴ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ውጤት ሳይመጣለት ሲቀር፣ በከተማው ዳር በሚገኝ አንድ የቴሌቪዥን መገጣጠሚያ ተቀጠረ። በመጀመሪያው እሑድ ሊጠይቀኝ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ እኔም እንዳንተ ገጣሚ ሆንኩልህ» ሲል ቀለደ። ማታ ማታ ግጥም እንደምሞካክር ያውቃል። ሳቅን። እንግዲህ ሥራህ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው የቀኝ እጁን አውራ ጣትና ሌባ ጣት አገናኝቶ በአየር ላይ አራት ጊዜ አዞረልኝ። የቴሌቪዥኑ የጀርባ ክዳን ስምንት ብሎን አለው፤ አራቱ የእርሱ ናቸው፣ የቀሩት አራቱ ደግሞ ከጎኑ የተቀመጠችው ልጅ ናቸው። ከግራ የመጣለትን ተቀብሎ አራቱን ያጠብቅና ወደ ቀኝ ይሰደዋል።

«ሥራውን ለመልመድ ስንት ቀን ፈጀብህ?» አልኩት።

«ቀን?» አለኝ፤ «እስከ ሻይ ሰዓት»።

ይህች መልስ ከአእምሮዬ አልወጣ ብላ ሰነበተች። አንድ አንጥረኛ፣ አንድ ሸማኔ፣ አንድ ብራና ዳማቂ ሙያውን ለመቅሰም ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት እናውቃለን። የሰውን ልጅ ከጠዋት እስከ ሻይ ሰዓት ተምሮት ዕድሜ ልኩን ሊሠራው ለሚችል ሥራ ያጨው ማን ነው? ታሪኩን ለማወቅ ባገኘሁት አጋጣሚ ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። ንባቤ የወሰደኝ ወደ አሜሪካ፣ ከዲትሮይት ከተማ ጋር ወደተያያዘችው ሃይላንድ ፓርክ ነበር። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሄንሪ ፎርድ በ1910 በዚያ የከፈተው ፋብሪካ፣ አርኪቴክቱ አልበርት ካን ግድግዳውን ሁሉ መስኮት አድርጎ ስለነደፈው «የመስተዋት ቤተ መንግሥት» የሚል ቅጽል ወጥቶለት ነበር። የሚመረተው ሞዴል ቲ የተባለች በ1908 ለገበያ የቀረበች አንዲት መኪና ናት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መኪናዋ ቆማ ሰው ይዞራት ነበር። አንድ መካኒክ የሚያስፈልገውን ዕቃ ከዕቃ ቤት ያመጣል፣ የማይገባውን በሞረድ ይሞርዳል፣ ይለካል፣ ይሞክራል። ሥራው አድካሚ ቢሆንም ሰውዬው የሚሠራውን ያውቀዋል፤ መኪናዋ ብትነሣም ባትነሣም ምክንያቱን መናገር ይችላል።

ነገሩ የተለወጠው በ1913 ሚያዝያ መባቻ ላይ ነው። ለውጡ የጀመረውም ለሞተሩ የኤሌክትሪክ ብልጭታ በሚያመነጨው ማግኔቶ በተባለው ክፍል ነው። ቀድሞ አንድ ሠራተኛ አንዱን ማግኔቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻውን ሲገጥም 20 ደቂቃ ገደማ ይወስድበት ነበር። እንግዲህ ይህንኑ ሥራ ለ29 ከፋፈሉት፤ እያንዳንዱ ሰው የድርሻውን ቁራጭ ብቻ ሠርቶ ወደሚቀጥለው ይገፋው ጀመር። 20 ደቂቃው ወደ 13 ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ ወረደ። በሚቀጥለው ዓመት ሠራተኛው እንዳይጎነበስ መስመሩን በስምንት ኢንች ከፍ ሲያደርጉት ወደ ሰባት ደቂቃ ዝቅ አለ፤ ኋላም ወደ አምስት። ይህን ሳነብ ያስገረመኝ ከፍጥነቱ ይልቅ ስምንቷ ኢንች ናት። የሰው ወገብ እንዳይጎብጥ የታሰበለት ወገቡ እንዳያመው ተብሎ ሳይሆን፣ ለመጎንበስ የሚባክነው ሴኮንድ ተቆጥሮ ነበር።

ሐሳቡ ከየት መጣ? ፎርድ ራሱ በ1922 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፣ የሺካጎ ሥጋ አራጆች የበሬ ሥጋ ከሚያንጠለጥሉበት የጣሪያ ሐዲድ መሆኑን ያወሳል። ቅርጫ ለምናውቅ ለእኛ ነገሩን መረዳት አይከብድም፤ ልዩነቱ ግን ሊታሰብበት ይገባል። በቅርጫ በሬው መሬት ላይ ተኝቶ ሰዎቹ ዙሪያውን ይሰፍራሉ፤ ምላሱ፣ ሻኛው፣ ጉበቱ ለማን እንደሚደርስ እየተጨዋወቱ፣ እየተከራከሩ ያወራርዱታል። በሺካጎ ግን ሰዎቹ በየቦታቸው ተተክለው የሚሄደው በሬው ነበር፤ በፊታቸው ሲያልፍ እያንዳንዱ አንዲት ቦታ ብቻ ይቆርጣል። ዲትሮይት ያንን ገልብጦ ወሰደው። በሺካጎ ሙሉው እየተበለተ ወደ ምንም ይሄዳል፣ በሃይላንድ ፓርክ ከምንም ተነሥቶ ወደ ሙሉው። ለቆመው ሰው ግን ያው ነው።

በዚያው ዓመት ሻንሲው ተከተለ። ሻንሲውን በገመድ እያስጎተቱ በ250 ጫማ መንገድ ላይ ሲያስኬዱት፣ ስድስት ገጣጣሚዎች አብረውት እየተራመዱ በየመንገዱ ዳር ከተከመረው ዕቃ እያነሡ ይገጥሙ ነበር። ቀድሞ 12 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው 5 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ሆነ። ዓመቱ ተገባዶ 1914 ሲጠባ አብሮ መራመዱም ቀረ፤ መስመሩ በሰው ወገብ ልክ ከፍ ብሎ፣ ሥራውም ይበልጥ ተቆራርሶ፣ አንድ ሻንሲ በ1 ሰዓት ከ33 ደቂቃ አለቀ። ዕቃውን ቦታው ላይ የሚያስቀምጠው ሰው አያስረውም፤ ብሎኑን የሚያስገባው ዳዶውን አያጠልቅም፤ ዳዶውን የሚያጠልቀው አያጠብቀውም። ፎርድ በመጽሐፉ ይህን በኩራት ይተርካል።

ከዚሁ መጽሐፍ ውስጥ እኔን እንደ አንድ የባንክ ጸሐፊ ቆም ያደረጉኝ ሁለት የቁጥር ድርድሮች አሉ። የመጀመሪያው ስለ ሥልጠና ነው። በፋብሪካው ካሉት ሥራዎች መካከል 43 በመቶው ከአንድ ቀን የበለጠ ሥልጠና አይጠይቁም፤ 36 በመቶው ከአንድ እስከ ስምንት ቀን፤ 6 በመቶው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት፤ 14 በመቶው ከአንድ ወር እስከ ዓመት፤ 1 በመቶው ብቻ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት። የአክስቴ ልጅ «እስከ ሻይ ሰዓት» እንግዲህ እዚህ 43 በመቶ ውስጥ ተቀምጣ ነበር ማለት ነው፤ እርሱ ከመወለዱ ከሰማንያ ዓመት በፊት።

ሁለተኛው ድርድር ይከብዳል። በፋብሪካው 7,882 የተለያዩ የሥራ ዓይነቶች ተቆጥረዋል። ከእነዚህ ውስጥ 670ውን እግር የሌላቸው ሰዎች፣ 2,637ቱን አንድ እግር ያላቸው፣ 715ቱን አንድ እጅ ያላቸው፣ 10ሩን ዓይነ ስውራን፣ 2ቱን ደግሞ ጭራሽ እጅ የሌላቸው ሰዎች ሊሠሯቸው እንደሚችሉ ተሰልቷል። ለፍርድ አንቸኩል። ፎርድ ይህን ያስቆጠረው አካል ጉዳተኞችን ከሌላው እኩል እየከፈለ ለመቅጠር ነበር፤ በሺህ የሚቆጠሩትንም ቀጥሯል፤ በዘመኑ ይህን ያደረገ ቱጃር ብዙ አልነበረም። ቢሆንም ቁጥሩን ገልብጠን እናንብበው። አንድ ሥራ እግር የሌለው ሰው ሊሠራው ከቻለ፣ ሁለት እግር ኖሮት በዚያ ሥራ ላይ የተቀመጠው ሰው እግሮቹን በሩ ላይ ጥሎ ገብቷል ማለት ነው። ዐይኑን፣ አንደበቱን፣ ትዝታውንም እንደዚሁ። ሂሳቡ የሰውን ምሉዕነት አይፈልግም፤ የሚፈልገው ለዚያች እንቅስቃሴ የምትበቃውን ብልት ነው።

ሰዎቹስ ምን አሉ? የተጻፈ ቃል ብዙ አልተዉልንም። በ1914 መገባደጃ ከፋብሪካው ሠራተኞች መካከል 71 በመቶው ከአሜሪካ ውጭ የተወለዱ ነበሩ፤ ፖላንዳውያን፣ ሩሲያውያን፣ ሩማንያውያን፣ ጣልያኖች፣ ሌሎችም። አብዛኞቹ እንግሊዝኛ አይችሉም። ነገር ግን በማናቸውም ቋንቋ የሚነገር አንድ ቃል ነበራቸው፤ መሄድ። በ1913 የፋብሪካው የሠራተኛ መፈራረቅ 370 በመቶ ደረሰ። ይህም ማለት እያንዳንዱ የሥራ ቦታ በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ለመሙላት ጥቂት በቀረው መጠን ባዶ ሆኗል ነው። 14,000 ያህል ሠራተኛ በቦታው ለማቆየት ኩባንያው በዓመቱ ከ52,000 በላይ ሰው መቅጠር ነበረበት። በልማዴ ደመርኩ፣ አካፈልኩ፤ ዓመቱን በ300 የሥራ ቀን ብናስበው በየቀኑ ከ170 የሚበልጥ አዲስ ሰው በበሩ ይገባል፣ ያንኑ የሚያህልም ይወጣል። ስማቸውን ማንም አልጻፈውም። ሆኖም የዚያን ዘመን ገጣጣሚ ሐሳብ ከማንም ባለሥልጣን ንግግር ይልቅ ይህ 370 ይነግረናል ብዬ አምናለሁ።

ሰምቷቸዋልም። ጥር 5 ቀን 1914 ኩባንያው የቀን ደመወዙን በዘጠኝ ሰዓት 2 ዶላር ከ34 ሳንቲም ከነበረበት በስምንት ሰዓት ወደ 5 ዶላር ከፍ ማድረጉን አስታወቀ። ዜናው በተሰማ በማግሥቱ ሥራ ፈላጊ የፋብሪካውን በር አጥለቀለቀው፤ ከሳምንት በኋላም ሕዝቡ አልበተን ሲል በዚያ የሚሺጋን ክረምት ብርድ በእሳት አደጋ ቧንቧ ውኃ ተረጨበት። ልብሱ ላይ በረዶ እየተጋገረ ወደ ቤቱ የተመለሰውን ሰው አስቡት። ብዙ ጊዜ «ፎርድ አምስት ዶላር የከፈለው ሠራተኞቹ መኪናውን እንዲገዙለት ነው» ሲባል እንሰማለን፤ ያማረ አባባል ነው፣ ፎርድም ኋላ ላይ ወድዶታል። ዋናው ምክንያት ግን ከዚያ የቀረበ ይመስለኛል፤ ሰው አልቆይ አለ፣ መስመሩ ደግሞ አንድ ሰው ሲጎድልበት ሁሉም ይቆማል።

አምስቱ ዶላር እንዲሁ በነጻ አልመጣችም። ግማሿ ከትርፍ የሚታደል ድርሻ ተብላ ስለነበር ለማግኘት ስድስት ወር መቆየት ያስፈልጋል፤ ከኩባንያው የማኅበራዊ ጉዳይ ክፍል የተላኩ መርማሪዎችም ቤት ለቤት እየዞሩ ሰውዬው ይጠጣ እንደሆነ፣ ይቆጥብ እንደሆነ፣ ቤቱ ንጹሕ እንደሆነ፣ ደባል ያስገባ እንደሆነ ይመዘግባሉ። የማኅበራዊ ጉዳዩ መዝገብ ከብድር መጠየቂያ ቅጾቻችን ጋር ያለው መመሳሰል ፈገግ አሰኝቶኛል፤ እኛ እንኳ የሰው ጓዳ አንገባም።

ከአዋጁ 18 ቀን በኋላ፣ ጥር 23፣ አንዲት ስሟን ያልጻፈች የገጣጣሚ ሚስት ለፎርድ የላከችው ደብዳቤ በኩባንያው መዛግብት ውስጥ ተገኝቷል። ባሏ ከሥራ ሲመለስ ራሱን ጥሎ እንደሚተኛና ከድካሙ የተነሣ እራቱን እንደማይበላ ትነግረዋለች። ያ የሰንሰለት አሠራር ባሪያ ነጂ ነው፣ አይሻሻልም ወይ ብላ ትጠይቃለች። አምስቱ ዶላር እርሱ ከሚገምተው በላይ በረከት መሆኗንም አልካደችም፤ ሆኖም ሰዎቹ ላባቸውን አንጠፍጥፈው እንደሚያገኟት ታስታውሰዋለች። ስለ መገጣጠሚያ መስመር ካነበብኩት ሁሉ ከዚህ ደብዳቤ የሚበልጥብኝ የለም። ምስጋናና ክስ በአንድ ወረቀት ላይ ሳይጣሉ የተቀመጡበት ነው። በረከቱ ሐሰት አይደለም፤ ሳይቀመስ የቀረው እራትም ሐሰት አይደለም።

ኩባንያው ያሰበው ሠመረለት። መፈራረቁ በ1914 ወደ 54 በመቶ፣ በ1915 ወደ 16 በመቶ ወረደ። የመሄድ ቃል በገንዘብ ተገዛ፤ መስመሩ ግን አልዘገየም። የኋለኞቹ ዓመታት የከፉ ነበሩ። በፎርድ ፋብሪካዎች በሥራ ላይ ማውራት ይከለከል ስለነበር ሠራተኞቹ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ መነጋገር ለመዱ፤ «የፎርድ ሹክሹክታ» ይሉት ነበር። ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ውል የተፈረመውም ከብዙ ድብደባና ግርግር በኋላ በ1941 ነው።

ከንፈርን ሳያንቀሳቅሱ መናገር! ግጥም ለሚወድ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከዚያችው ከተማ ከንፈሩን ያንቀሳቀሰ አንድ ልጅ መውጣቱንም ማንሣት ይገባል። ፊሊፕ ሌቪን በ1928 በዲትሮይት ከሩሲያ አይሁዳውያን ስደተኞች ተወለደ፤ ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ በመኪና ፋብሪካዎች ሠራ፤ የሸቭሮሌ ጥርስና አክስል ፋብሪካም አንዱ ነበር። ሥራውን ጠልቶት ነበር፤ ሰዎቹን ግን አልጠላም። ከከተማዋ ወጥቶ አስተማሪ ከሆነ በኋላ አብረውት የቆሙትን ሰዎች እስኪሞት ድረስ ጻፋቸው። በ1991 ያሳተመው ስለ ሥራ የሚናገረው የግጥም መድበሉ የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት አስገኘለት፤ በ2011 የአገሪቱ ባለቅኔ ተብሎ ተሾመ፤ በ2015 አረፈ።

ሌላው አልወጣም። ሹ ሊዢ በ1990 በቻይና ጓንግዶንግ ግዛት ተወልዶ ሼንዘን በሚገኘው የፎክስኮን የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ መስመር ላይ ቆመ። ግጥሞቹን የፋብሪካው ጋዜጣ ጭምር ያወጣለት ነበር። መጻሕፍት ባሉበት ቦታ፣ በፋብሪካው ቤተ መጻሕፍት ወይም በከተማው መጽሐፍ መደብር፣ ለመሥራት አመልክቶ አልተሳካለትም። ውሉ ሲያልቅ ወጥቶ ሌላ ኑሮ ሞከረ፤ አልሆነለትምና ተመልሶ ፈረመ። ከቀናት በኋላ፣ መስከረም 30 ቀን 2014፣ በሃያ አራት ዓመቱ የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። ጓደኞቹ ግጥሞቹን ሰብስበው በማግሥቱ ዓመት አሳተሙለት። ከግጥሞቹ አንዱ በሌሊት ፈረቃ መሬት ላይ ስለወደቀች አንዲት ብሎን ነው።

ለአንዱ መውጣት ተቻለ፣ ለሌላው አልተቻለም። ይህን እያሰብኩ ነው በየዕለቱ መስኮቴ ላይ የምቀመጠው።

እኔ የምሠራበት ቅርንጫፍ ከፋብሪካዎች ሰፈር ብዙም አይርቅም። በየጥቂት ሳምንቱ የአዲስ ተቀጣሪዎች ስም ዝርዝር ይመጣልናል፤ ደመወዛቸው እንዲገባላቸው የቁጠባ ሒሳብ እንከፍታለን። ፎቶግራፍ፣ መታወቂያ፣ ፊርማ። አብዛኞቹ ልጆች ናቸው። ፊርማ ኖሯቸው የማያውቁ አሉ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ በሌላ ወረቀት ላይ ይለማመዱና ቅጹ ላይ ሲደርሱ ይለወጥባቸዋል። ከዚያ ሒሳቡን እከታተለዋለሁ፤ ሥራዬም ስለሆነ፣ ትንሽም ስለሚያሳዝነኝ። አንድ ደመወዝ ይገባል፤ ይወጣል። ሁለተኛ ይገባል፤ ይወጣል። አንዳንዱ ሦስተኛ አይደርስም። ከጥቂት ብር በቀር ምንም የሌለበት ሒሳብ ጸጥ ብሎ ይቀመጥና ከጊዜ በኋላ «እንቅስቃሴ የሌለው» ከሚባሉት ጎራ ይሰለፋል። በሃይላንድ ፓርክ 370 በመቶ የተባለው ቁጥር በእኔ ኮምፒውተር ላይ እንዲህ ነው የሚታየው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ሁለት ምሁራን በአገራችን በአምስት ድርጅቶች ሥራ ያመለከቱ ሰዎችን ተከታትለው በ2018 ጥናታቸውን አሳትመዋል። ድርጅቶቹ ሁሉም መገጣጠሚያዎች አልነበሩም፤ የመጠጥ፣ የአበባ፣ የጫማ፣ የልብስም ይገኙባቸዋል። ሥራውን ካገኙት መካከል ሲሶው በመጀመሪያው ወር ለቀዋል፤ በዓመቱ 77 በመቶው አልነበሩም። በ2016 ስለተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሁለት የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ያወጡት ዘገባ ደግሞ ፋብሪካዎቹ በአማካይ በየዓመቱ ሠራተኛቸውን በሙሉ እንደሚተኩ ይገልጻል። የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነበር።

ታዲያ የዲትሮይቱ መሄድ አምስት ዶላር ሲወልድ የእኛ ልጆች መሄድ ለምን ምንም አልወለደም? ኢኮኖሚስት አይደለሁም፤ ነገር ግን የምጠረጥረውን ልናገር። ለፎርድ የሚሄደው ሰው ኪሳራ ነበር፤ የሚሸጠው መኪና ገበያው ስላላገኘው እያንዳንዷ የቆመች ደቂቃ ታስከፍለዋለች። ከዚያም በላይ ሰውዬው በዚያው ከተማ የሚሄድበት ነበረው፤ ፓካርድ፣ ሃድሰን፣ ካዲላክ በር ከፍተው ይጠብቁታል። እኛ ዘንድ ግን እንግዳው ፋብሪካ ሲጠራ በግብዣው ወረቀት ላይ በትልቁ የተጻፈው የደመወዙ ማነስ ነበር። ያን ከፍ ማድረግ ግብዣውን እንደ መቅደድ ሆኖ ይታያል። የሚሄደውም ልጅ ወደ ሌላ ፋብሪካ አይሄድም፤ ወደ እናቱ ቤት፣ ወደ ጉሊት፣ ወደ ዓረብ አገር ይሄዳል። በሌላ ፋብሪካ በር ላይ ያልታየ ሰው መሄዱ አይሰማም።

ይህን ስል ፋብሪካ ባይኖር ይሻል ነበር ማለቴ አይደለም። ሒሳብ የከፈትኩላቸው ልጆች የመጀመሪያውን ደመወዝ ሲቀበሉ ፊታቸውን አይቻለሁ። አንዷ ሙሉውን አውጥታ በዚያው መስኮት ለእናቷ ስትልክ፣ የላኪ ስም የሚጻፍበት ላይ ስሟን ከነአያቷ በትልቅ ፊደል ነው የጻፈችው። ያቺ ስሟን ያልጻፈች የዲትሮይት ሴት በረከት ያለችው ይህንኑ ነው።

የአክስቴ ልጅ አራት ወር ከአሥር ቀን ቆየ። ለምን ለቀቅህ ብዬ ስጠይቀው ደመወዙን አላነሣም፤ አለቃውንም አልከሰሰም። «ጋሼ፣ ያን ሁሉ ቴሌቪዥን ሳስር አንዱም ሲበራ አላየሁም» አለኝ። መፈተሻው ክፍል በሌላኛው ሕንፃ ነበር።

ባለፈው ፋሲካ አክስቴ ቤት ተሰብስበን ነበር። ታላቅ እህቱ አዲስ ቴሌቪዥን ገዝታ ኖሮ ሁሉም ተደርድሮ የበዓሉን ዝግጅት ይመለከታል፤ ስሙን ሳየው እርሱ ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ምርት ነው። ምንም አላልኩም። እርሱ ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተነሥቶ ወደ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ዞረ። ሰው ሁሉ ፊቱን ሲያይ እርሱ ጎንበስ ብሎ በአውራ ጣቱ ጀርባውን አንድ በአንድ ይዳስሳል። ምን ጠፋህ ብዬ ጠጋ አልኩ። ጣቱን ከአንዷ ብሎን ላይ ሳያነሣ ቀና ብሎ አየኝና፣

«ይቺ ላልታለች» አለኝ፤ «ቤት ውስጥ ካቻቢቴ ይኖራል?»